የሜሪላንድ ባንዲራ ግምገማ፦ ርካሹ ኅትመት፣ ናይለኑ፣ ፖሊስተሩና የተሰፋው

በአሜሪካዋ የሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በታኮማ ፓርክም ሆነ በሃያትስቪል ሱቅ ወይም ምግብ ቤት የከፈተ ሰው ውሎ አድሮ ሦስት ባንዲራ ይፈልጋል፤ የአሜሪካን፣ የኢትዮጵያንና የሜሪላንድን። ሁለቱን ሲገዛ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ግን ጥቁርና ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ካለበት ይበቃል ብሎ ከኢንተርኔት በጣም ርካሹን ያዛል። ይህ አካሄድ ለሌሎች ብዙ ግዛቶች ባንዲራ ችግር አያመጣም። ብዙዎቹ ሰማያዊ ጨርቅ ላይ የግዛቲቱ ማኅተም የታተመባቸው ስለሆኑ ማኅተሙ ቢደበዝዝም ከመንገድ ማዶ ልዩነቱ አይታይም። የሜሪላንዱ ግን መላ ትርጉሙ በመስመሮቹ አቀማመጥና በቀለሞቹ መለዋወጥ ላይ ነው። መስመር ሲዛነፍ ወይም ቀለም ቦታውን ሲስት የሚጎዳው ውበቱ ብቻ አይደለም፤ ባንዲራው የሚናገረው ነገር ራሱ ይጠፋል።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ለቤት ደጅና ለሱቅ ፊት፣ እስከ 3 በ5 ጫማ ላለው መጠን፣ ቀለም ጠልቆ የገባበት 200 ዴኒር (ዴኒር የክር ውፍረት መለኪያ ነው) ናይለን ይግዙ። የተሰፋው ገንዘቡን የሚያወጣው ከ4 በ6 ጫማ ጀምሮ ነው። ስሱ የፖሊስተር ኅትመት ለአንድ ቀን ሰልፍና ለልጆች ድግስ እንጂ ለዘንግ አይሆንም። ይህን ያልንበትን ምክንያት ለማየት መጀመሪያ ባንዲራው ላይ ያለውን ማንበብ ያስፈልጋል።

ባንዲራው በአራት ሩብ ይከፈላል። በዘንጉ በኩል ያለው የላይኛው ሩብና በሚውለበለበው ጫፍ ያለው የታችኛው ሩብ ጥቁርና ወርቃማ ናቸው፤ ይህ የካልቨርት ቤተሰብ ዓርማ ነው። የቀሩት ሁለቱ ቀይና ነጭ ናቸው፤ የክሮስላንድ ቤተሰብ ዓርማ። ጆርጅ ካልቨርት የእንግሊዝ ንጉሥ ባለሟል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1625 ካቶሊክ መሆኑን በይፋ ገለጸ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)፤ በዚያው ዓመት የባልቲሞር ጌታ የሚለውን ማዕረግ አገኘ። ክሮስላንድ ደግሞ የእናቱ ወገን ነው። ጆርጅ የሜሪላንድ ቅኝ ግዛት ቻርተር (የንጉሡ የፈቃድ ሰነድ) ተፈርሞ ሳያይ በ1632 ሞተ፤ ቻርተሩ ጁን 20 ቀን 1632 ለልጁ ለሲሲል ተሰጠ። ሰፋሪዎቹን የጫኑት አርክና ደቭ የተባሉ መርከቦችም ማርች 25 ቀን 1634 ሴንት ክሌመንትስ ደሴት ላይ ሰው አወረዱ። ይህ ቀን ዛሬም የሜሪላንድ ቀን ተብሎ ይከበራል።

በቅኝ ግዛቱ ዘመን ይውለበለብ የነበረው ጥቁርና ወርቃማው ብቻ ነበር። ቀይና ነጩ ሰው በየደረቱ የሚለጥፈው ቀለም የሆነው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ነው። ሜሪላንድ ባሪያ ማሳደር የተፈቀደባት ግዛት ብትሆንም ከፌዴራሉ መንግሥት አልተገነጠለችም። ከተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ጎን ለመቆም የፈለጉ ነዋሪዎቿ ታዲያ ከካልቨርት ቀለም ራሳቸውን ለመለየት የክሮስላንድን ቀይና ነጭ አነሡ። በደቡብ ጦር ውስጥ የተሰለፉ የሜሪላንድ ሰዎች በክሮስላንድ ዓርማ ላይ የሚገኘውን ጫፉ እንቡጥ ያለውን መስቀል በደረታቸው ላይ ያደርጉ ነበር፤ በባልቲሞር ደግሞ ቀይና ነጭ መልበስ ለእስር ይዳርግ ነበር። ለሰሜኑ፣ ማለትም ለፌዴራሉ መንግሥት የተዋጉት ጥቁርና ወርቃማውን ያዙ። ጦርነቱ ሲያበቃ ሁለቱም ወገን ወደ አንድ ሰፈር፣ ወደ አንድ ገበያ ተመለሰ።

ዛሬ የምናውቀው ባለ አራት ሩብ ባንዲራ ኦክቶበር 11 ቀን 1880 ባልቲሞር የተመሠረተችበት 150ኛ ዓመት ሲከበር በሰልፉ ላይ ታየ። ኦክቶበር 25 ቀን 1888 ደግሞ ከጦርነቱ ትልልቅ ውጊያዎች አንዱ በተካሄደበት በጌቲስበርግ በሰሜኑ ጦር ለተሰለፉት የሜሪላንድ ሬጅመንቶች ሐውልት ሲመረቅ ተውለበለበ። በቀጣዩ ዓመት አምስተኛው የሜሪላንድ ብሔራዊ ዘብ ሬጅመንት የራሱ ሰንደቅ አደረገው፤ ይህ ሬጅመንት ከጦርነቱ በኋላ ሲቋቋም ብዙዎቹ አባላቱ የቀድሞ የደቡብ ወታደሮች ነበሩ። ማርች 9 ቀን 1904 በሕግ የግዛቲቱ ባንዲራ ሆነ። የእርቅ ባንዲራ የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው። እርቁ ግን በዋናነት ትናንት የተታኮሱት ነጮች እርቅ ነበር፤ በኖቬምበር 1 ቀን 1864 በግዛቲቱ አዲስ ሕገ መንግሥት ከባርነት ነጻ የወጡት ጥቁሮች በድርድሩ ላይ አልተቀመጡም። «ታዲያ ብሰቅለው ያስነቅፈኛል?» ብሎ ለሚጠይቅ ነጋዴ መልሱ አያስነቅፍም ነው። በዛሬው ሜሪላንድ ጥቁሩም ነጩም፣ ስደተኛውም የሚለብሰው የግዛት መለያ ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን በ2011 ከራስ ቁር እስከ ጫማ ለብሶት ሜዳ ከገባ ወዲህማ ካልሲውም፣ የሸርጣን ሥዕሉም፣ የመኪና ተለጣፊውም በዝቷል። የሰሜን አሜሪካ የባንዲራ ጥናት ማኅበር በ2001 ባደረገው የሕዝብ ምርጫም ከ72 የአሜሪካና የካናዳ ባንዲራዎች አራተኛ ወጥቷል።

እንግዲህ ወደ ጨርቁ። የመጀመሪያው ፍተሻ ጥጉ ነው። ባንዲራውን ዘንጉ በግራዎ እንዲሆን ዘርግተው የላይኛውን የግራ ጥግ ይመልከቱ፤ ጥቁር መሆን አለበት። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የካልቨርት ሩብ ስድስት ቋሚ መስመር አለው፤ ከዘንጉ በኩል በወርቃማ ይጀምርና በጥቁር ይጨርሳል። በላዩ ላይ ከላይኛው የዘንግ ጥግ ወደ ታች የሚወርድ ሰያፍ መቀነት ያልፋል፤ መቀነቱ ወርቃማውን ሲያገኝ ጥቁር፣ ጥቁሩን ሲያገኝ ወርቃማ ይሆናል። ስለዚህ መቀነቱ የሚነሳበት ጥግ ጥቁር ነው፤ በተቃራኒው በሚውለበለበው ጫፍ ያለው የታችኛው ጥግ ወርቃማ ነው። ላይኛው የግራ ጥግ ወርቃማ ሆኖ ካገኙት ፋብሪካው በዘንጉ በኩል የሚሰፋውን የማጠናከሪያ ሸራ በተሳሳተው ጎን ሰፍቶታል፤ ይመልሱት። በዘንጉ በኩል ላይ የሚታየው ቀይና ነጭ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሰቃዩ ነው፤ ገልብጦ ሰቅሎታል። በየጎዳናው ተገልብጦ የሚታየው የሜሪላንድ ባንዲራ ብዛት የሚያስገርም ነው፤ ምግብ ቤቶች ደጅ ላይም አይጠፋም። ለሰቃዩ ልጅ «ጥቁሩ ጥግ ወደ ላይ፣ ወደ ዘንጉ» ማለት ይበቃል።

ሁለተኛው ፍተሻ የመስመሮቹ ስፋት ነው። በ3 በ5 ጫማ ባንዲራ አንዱ ሩብ 30 ኢንች ርዝመት ስላለው እያንዳንዱ መስመር 5 ኢንች መሆን አለበት፤ በ4 በ6 ጫማ 6 ኢንች፣ በ2 በ3 ጫማ 3 ኢንች። ርካሹ ላይ በተለይ በሚውለበለበው ጫፍ ያለውን የመጨረሻ ጥቁር መስመር ይለኩ። ጠርዙ ሲታጠፍ የሚበላው ጨርቅ ታስቦ ካልታተመ መስመሩ ከጎረቤቶቹ ጠቦ ይቀራል። ከሩቅ ሲያዩት ባንዲራው የተቆረጠ ይመስላል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ችግር አለ፤ ሻጮች ግን አያነሱትም። የሜሪላንድ ባንዲራ ልክ ቁመቱ 2 ከሆነ ርዝመቱ 3 ነው። ገበያው ላይ የሚበዛው 3 በ5 ጫማ (91 በ152 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ግን ከዚህ ልክ ይረዝማል፤ ትክክለኛው 3 በ4 ተኩል ነበር። ፋብሪካው ሥዕሉን እንዳለ ስቦ ሲያረዝመው የመስቀሉ እንቡጦች ክብነታቸውን ያጣሉ፣ መቀነቱም ይተኛል። ጥሩ ሠሪ ሥዕሉን ለ3 በ5 እንደገና ያስተካክለዋል፤ እንቡጡ ክብ ሆኖ ይቆያል። ልዩነቱ ከ10 ሜትር ርቀት ይታያል። ለልኩ የሚጨነቅ ሰው 2 በ3 ወይም 4 በ6 ይግዛ፤ ሁለቱም በትክክለኛው ልክ ላይ ናቸው። (ነገሩ የእኛንም ባንዲራ ይመለከታል። የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ርዝመቱ የቁመቱ እጥፍ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በ3 በ5 የሚሸጠው አጥሮ የተሠራ ነው። ሦስቱን ጎን ለጎን መስቀል የሚፈልግ ሰው ግን አንድ ዓይነት መጠን ያስፈልገዋልና በዚህ መስማማት ግድ ይሆናል።)

ሦስተኛው ፍተሻ መስቀሉ ነው፤ የሚያስቸግረውም እሱ ነው። የክሮስላንድ ሩብ በራሱ በአራት ተከፍሎ ነጭና ቀይ ተፈራርቆበታል። መስቀሉ በመሐል ሲቀመጥ በነጩ ላይ ቀይ፣ በቀዩ ላይ ነጭ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ የመስቀል ክንድ በቁመቱ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ነጭ ነው፤ በክንዱ ጫፍ ካሉት ሦስት እንቡጦች የመሐለኛውም እንዲሁ ለሁለት ይከፈላል። ቀይና ነጭ ቀለም የሚታተመው ተለያይቶ ከሆነና በመጠኑ እንኳ ከተንሸራተተ የእንቡጡ ሁለት ግማሾች አይገጥሙም፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ይላል። እንቡጡ ላይ ዓይን ይጣሉ። መካከለኛው መስመር ከክንዱ መነሻ እስከ እንቡጡ ጫፍ ቀጥ ብሎ ካልሄደ ሌላውን መመርመር አያስፈልግም።

በእነዚህ ሦስት ፍተሻዎች አራቱን ዓይነት ስንመዝን ውጤቱ እንዲህ ነው።

ስሱ የፖሊስተር ኅትመት በፖስታ ታጥፎ ይመጣል፤ እጥፋቱም አይለቅም። ቀለሙ ፊቱ ላይ ስለሚቀር ጀርባው ገርጥቶ ይታያል፤ ጥቁሩ ከጀርባ ሲያዩት ግራጫ፣ ወርቃማው ሎሚ ነው። (ከጀርባ ሲታይ ሥዕሉ በመስተዋት እንደታየ ተገልብጦ መታየቱ ስሕተት አይደለም፤ ከአንድ ነጠላ ጨርቅ የተሠራ ባንዲራ ጀርባ እንዲያ ነው።) በዘንጉ በኩል ያለው ማጠናከሪያ ሸራ ሳይሆን ያው ጨርቅ ተደርቦ ነው፤ የብረት ቀለበቶቹም ስለሚላሉ ጠንካራ ነፋስ ነቅሎ ይወስዳቸዋል። ፀሐይ ላይ ቀዩ ቀድሞ ይሄዳል፤ ቀዩ ወደ ሮዝ ሲዞር የክሮስላንድ መስቀል ከነጩ መለየት ያቅተዋል። ዋጋው ብቻ ነው የሚያስመሰግነው።

ናይለኑ ቀላልና የሚያብረቀርቅ ነው፤ በትንሽ ነፋስ ይነሳል፣ ዝናብ ከመታው በኋላም ቶሎ ይደርቃል። የሜሪላንድ በጋ ነፋሱ ደካማ፣ ዝናቡ ድንገተኛ ስለሆነ ይህ ጠባይ ይስማማዋል። ጥሩው ቀለም ጨርቁን ዘልቆ ስለሚገባ ፊቱና ጀርባው እኩል ይደምቃል፤ ለማረጋገጥ ጥቁሩን መስመር ወደ መብራት ከፍ አድርገው ይዩ። ብርሃን ማሳለፉ አይቀርም፣ ነገር ግን ነጭ ነጠብጣብ ከታየ ቀለሙ አልዘለቀም። ሊኖሩት የሚገቡት ነገሮች፦ በዘንጉ በኩል ነጭ የሸራ ማጠናከሪያ፣ የናስ ቀለበቶች፣ በሚውለበለበው ጫፍ ደግሞ አራት ረድፍ ስፌት። ሁለት ረድፍ ብቻ ያለውን አይግዙ፤ ባንዲራ የሚሞተው ከዚያ ጫፍ ነውና።

ባለሁለት ድርብ ፖሊስተር ሻካራና ከባድ ነው፤ ለከፍታ ቦታና ለቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር ነፋስ የተሠራ። መሐል ከተማ በሕንፃዎች መካከል ለተሰቀለ ባንዲራ ግን አይመከርም፤ ነፋሱ አያነሳውም፣ እንደ እርጥብ ጋቢ ተንጠልጥሎ ይውላል። የቤት ዘንግም ይጎብጥበታል።

የተሰፋው ወግ ያለው ነው፤ ግን ችሎታ ይፈልጋል። አንዱ የካልቨርት ሩብ ብቻ 16 ያህል ቁራጭ ይወጣዋል፤ መቀነቱ እያንዳንዱን መስመር ስለሚቆርጠው ቁራጮቹ ጥግ ለጥግ መግጠም አለባቸው። አንዱ ስፌት በጥቂቱ ከሳተ ቀጣዩ የእሱን ስሕተት ይወርሳል፣ መጨረሻ ላይ መቀነቱ ደረጃ ይሠራል። በአነስተኛ መጠን ስፌቶቹ ስለሚቀራረቡ ጨርቁ ይጨማደዳል፤ ክብደቱም ይጨምራል። ስለዚህ በ3 በ5 ጫማ ደንበኛ ናይለን ኅትመት ከመካከለኛ ስፌት ይበልጣል፤ ሻጮች «የተሰፋ» የሚለውን ቃል ለዋጋ ማስጨመሪያ ሲጠቀሙበት አይታለሉ። በ4 በ6ና ከዚያ በላይ ግን ስፌቱ ለመስመሮቹ ጥንካሬ ይሰጣቸዋል፤ ቀለሙም ጨርቁ ውስጥ ያለ ስለሆነ አንዱ ቀለም ወደ ሌላው አይፈስም።

የጥጥ ባንዲራ ለአዳራሽ ብቻ ነው። ዝናብ ከመታው ይሸበሸባል፣ ይሻግታል።

መጠን ሲመርጡ ከዘንጉ ይነሱ። ግድግዳ ላይ በ45 ዲግሪ ለሚሰካ 6 ጫማ ዘንግ 3 በ5 ይበቃል፤ ለ20 ጫማ ምሰሶም ያው፤ ለ25 ጫማ 4 በ6፣ ለ30 ጫማ 5 በ8። ለግድግዳ ዘንግ የሚዞር ቀለበት ያለበትን ይምረጡ፤ ባንዲራው ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ የሚውለው ይህ ስለሚጎድል ነው። ግድግዳው ላይ የሚታሰረውን መያዣ በሲዲንግ (በቤቱ የውጭ ልባስ) ላይ ብቻ አያስሩ፤ ብሎኑ ከኋላው ያለውን እንጨት ካልያዘ የመጀመሪያው ማዕበል ይነቅለዋል።

የዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ጌጥም ሕግ አለው፤ ከ1945 ጀምሮ የሜሪላንድን ባንዲራ በያዘ ዘንግ ጫፍ ላይ ጌጥ ከተደረገ ወርቃማው ባለእንቡጥ መስቀል መሆን አለበት። ከዘንግ ጋር በሳጥን የሚመጣው ንስር ወይም ወርቃማ ኳስ ነው። መስቀሉ ለብቻው ይሸጣል፤ ከመግዛትዎ በፊት የዘንግዎን ውፍረትና የጥርሱን ዓይነት ይለኩ፤ ልኩ ካልተስማማ አይገባም። ለደጅ ከሆነ ወርቅ ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ አይውሰዱ፤ ፀሐይ ይልጠዋል።

እንክብካቤው ቀላል ነው። ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውኃና በለዘብተኛ ሳሙና ይጠቡት፤ ሙቅ ውኃ ቀዩን ወደ ነጩ ያሻግረዋል፣ በረኪና ደግሞ ወርቃማውን ይገድለዋል። እርጥቡን አያጥፉት። በረዶና ኃይለኛ ነፋስ ሲተነበይ ያውርዱት። ጫፉ መተርተር ሲጀምር ወዲያው አውርደው ለልብስ ሰፊ ይስጡ፤ የተበጣጠሰውን ቆርጦ እንደገና በአራት ረድፍ ይሰፋዋል። የመጨረሻው ጥቁር መስመር ከሌሎቹ ጠቦ እስኪታይ ድረስ ይህን መድገም ይቻላል፤ በ3 በ5 አንድ ኢንች ከሄደ ዓይን ያስተውላል። 6 ኢንች ቢቆርጡለት ትክክለኛውን ልክ ያገኛል ብሎ የሚቀልድ አይጠፋም፤ የሚሄደው ግን ከአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ አራቱ ሩቦች እኩል መሆናቸው ይቀራል።

ሦስቱን ባንዲራ አንድ ላይ ለሚሰቅሉ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ከመንገድ ወደ ሱቅዎ ለሚያይ ሰው በግራ የአሜሪካ፣ ቀጥሎ የኢትዮጵያ፣ በቀኝ የሜሪላንድ፤ የሌላ አገር ባንዲራ ከግዛት ባንዲራ ይቀድማልና። በአንድ ምሰሶ ላይ የአሜሪካን ከላይ፣ የሜሪላንድን ከሥር ማድረግ ይፈቀዳል። የኢትዮጵያን ግን በዚያው ገመድ ላይ ከሥር አያስሩ፤ በሰላም ጊዜ የአንድን አገር ባንዲራ ከሌላ አገር ባንዲራ በላይ ወይም በታች ማድረግ በዓለም አቀፍ ልማድ ነውር ነው፤ እኩል ቁመት ያለው የራሱ ዘንግ ይኑረው። ሞንትጎመሪ ካውንቲና ጎንደር እህት ከተሞች ስለሆኑ እንዲህ ያለው የባንዲራ አሰላለፍ በካውንቲው የኢትዮጵያውያን ዝግጅቶች ላይ ያስፈልጋል። ለማኅበር አዳራሽ የሚገዛ ሰው ደግሞ ቀለበት ያለውን ሳይሆን ለዘንግ ማስገቢያ ከረጢት የተሰፋለትንና ጠርዙ ወርቃማ ዘርፍ ያለውን ይጠይቅ። በመድረክ ላይ የአሜሪካው በተናጋሪው ቀኝ ይቆማል፤ ሦስቱም ባንዲራዎች ከአንድ ሻጭ፣ በአንድ መጠንና በአንድ የዘንግ ቁመት ይታዘዙ፤ በኋላ ለየብቻ የሚታዘዝ ዘንግ ከቀድሞው ጋር እኩል ሆኖ አይመጣም።